ድንጉላ ታመመ አይባልም

በእኛ ቤት ድንጉላ ታመመ አይባልም። ላም ብትታመም ጎረቤት ይሰማል፤ በሬ ቢታመም መላ የሚያውቅ ሁሉ ይጠየቃል፤ ሰው ከታመመማ አገር ምድሩ ግቢያችንን ያጣብበዋል። ለዘር የተቀመጠ ወንድ ፈረስ ግን ቢያነክስም፣ ቢያተኩሰውም፣ ገብሱን ትቶ ቀኑን ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቢቆምም፣ "ደክሞታል" ነው የሚባለው። አባቴ ይህን ደንብ የወረሱት ከአባታቸው ነው። አንድ ቀን ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ "ባዝራ ያለው ሰው ሁሉ ዓይኑ እዚህ ጋጣ ላይ ነው። አንዴ ታመመ ከተባለ ዘሩ ተጠረጠረ ማለት ነው" አሉኝ።

ልጅ ሳለሁ ይህ ደንብ ያስቀኝ ነበር። አሁን አያስቀኝም።

እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ዘንዘልማ፣ አስፋልቱ ዳር፣ የእንስሳት መድኃኒት የምሸጥባት አንዲት ክፍል ሱቅ አለችኝ። መርፌ እወጋለሁ፤ ምጥ የጠናባትን ላምም አዋልዳለሁ። የአባቴ ቤት ከሱቄ ወደ ጣና ወረድ ብሎ ነው። አግብቼ ወጥቼ ነበር፤ በአራተኛው ዓመት አልወለድሽም ተብዬ ተመለስሁ። ሰውዬው ራሱ አንድ ቀን እንኳ ሐኪም ፊት ቀርቦ አያውቅም። ይህን የማነሳው አልቅሱልኝ ለማለት አይደለም። በኋላ ለሚመጣው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው።

የአባቴ ሀብት ሁለት ፈረሶች ነበሩ። አንደኛዋ አሮጊት ባዝራ ናት፤ እናቷም አያቷም እዚሁ ግቢ የተወለዱ፣ ወንድ አያቴ ይዘውት ከመጡት ዘር የቀረች የመጨረሻዋ ሴት ፈረስ። ሁለተኛው ድንጉላው ነው፤ ገና ውርንጭላ ሳለ ከአገው ምድር የመጣ፣ ቀላ ያለ ቡናማ ዳማ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ሲቆጣ ጆሮውን ሳይሆን የታች ከንፈሩን የሚያንቀጠቅጥ። አምና የሁለት ሰዎች ባዝራዎች ከእሱ አርግዘዋል። የእኛዋ አሮጊት ግን አምና ጅብ ታፋዋን ነክሷት ስትታከም ከረመችና ድንጉላው ሳይወጣባት ቀረ። የአባቴ ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ ከእነዚህ ከሁለቱ አንድ ውርንጭላ ማየት።

ጊዜ እንደሌላቸው ያውቁ ነበር። ባዝራዋ አርጅታለች። ግጦሹም እየሄደ ነው። በመጀመሪያ ቀያሾች ይመጡና ችካል ይተክላሉ፤ ከዚያ ድንጋይ የጫነ መኪና ይመጣል፤ ከዚያ ቆርቆሮ ያበራል። በባሕሩ በኩል ደግሞ እምቦጩ ዳር ዳሩን ይዞ ይገፋል። "መኻል ላይ ቀረነ" ይሉ ነበር አባቴ፣ አንዴ ወደ ችካሉ አንዴ ወደ እምቦጩ እያዩ። "ዘንድሮ ካልሆነ አይሆንም።"

በኅዳር አንድ ጥዋት ሱቄ ድረስ መጡ። እሳቸው ሱቅ አይመጡም፤ ሲፈልጉኝ ሰው ይልካሉ። በሩ ላይ ቆመው ግራ ቀኙን አዩና፣

"ደክሞታል" አሉ።

"ምኑን ደከመው?"

"ምኑን ትይኛለሽ? ነይና እይው እንጂ።"

የፊት ቀኝ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አብጧል። ስነካው ይሞቃል። መሬቱን በሰኮናው ጫፍ ብቻ ይነካል እንጂ አይረግጥም። ጅማቱ ተጎድቷል፤ ይህ ብዙ ምርመራ አይፈልግም።

"እረፍት ነው መድኃኒቱ። ሁለት ሦስት ወር ሳይጋለብ ቢቆይ ይድናል" አልኋቸው።

"ጊዮርጊስስ?"

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። በእኛ አካባቢ ድንጉላ የሚመረጠው በጥር ጊዮርጊስ ነው። ወጣቱ ለጉግስ ይወጣል፤ ባዝራ ያለው ሰው ደግሞ ሜዳው ዳር ቆሞ የፈረሱን እግር፣ የፈረሱን ደረት፣ የፈረሱን ትንፋሽ ያያል። ያን ቀን ልቡ የወደደውን ድንጉላ ባለቤት ጠጋ ብሎ፣ "ሰሞኑን እመጣለሁ" ይለዋል። ሜዳ ያልወጣ ድንጉላ ምን ሆኖ እንደቀረ ሰው ራሱ ይጨምርለታል። የጨመሩለት ደግሞ ሁልጊዜ ከእውነቱ የከፋ ነው።

ዴክሳ ወጋሁት። ሙሉ ስሙ ዴክሳሜታዞን ነው፤ ብግነት የሚያጠፋ፣ ገጠሩ ሁሉ በቁልምጫ የሚጠራው መድኃኒት። ለእብጠት ይጠየቃል፣ ለሳል ይጠየቃል፣ ተኝቶ አልነሳ ላለ በሬ ይጠየቃል። ለስለስ ያለ ሌላ ማስታገሻ ሱቄ ውስጥ ነበረኝ፤ ግን እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። አባቴ ቀስ የሚል ነገር አልፈለጉም። እውነቱን ልናገርና እኔም አልፈለግሁም። "ልጄ በሁለት ቀን አቆመችው" ሲባል መስማት ነበር የፈለግሁት፣ ባይባል እንኳ በአባቴ ዓይን ውስጥ ማየት። ስንማር አስተማሪያችን ስለዚህ መድኃኒት፣ "ላረገዘች አትስጡ፣ ያስወርዳታል" ብሎ ደጋግሞ ነግሮናል። ስለ ወንዱ የተናገረው ነገር ካለ እኔ ደብተር ላይ የለም። ሁላችንም የምንፈራው ለሴቷ ማሕፀን ብቻ ነበር።

መርፌውን ነቅዬ ስጨርስ አባቴ የድንጉላውን አንገት እያሻሹ፣ "ለወንድምሽ አንዲት ቃል እንዳትወጣሽ" አሉኝ።

ታናሽ ወንድሜ ባጃጅ ነጂ ነው። ባጃጅ ውስጥ የተወራ ነገር ሳይመሽ ወረታ ይገባል። በዓል ሲሆን ግን ድንጉላውን የሚጋልበው እሱ ስለሆነ፣ ከባጃጁ ይልቅ በፈረሱ ነው የሚታወቀው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኛ ቤት በሽታውም ተደበቀ፣ መድኃኒቱም ተገኘ። ጥፋቱ ከዚህ ጀመረ።

እስከ ታኅሣሥ መግቢያ አልፎ አልፎ ወጋሁትና አቆምሁ። ስተወው ማነከሱ ተመልሶ ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። መርፌው ሕመሙን ዝም ያሰኘዋል እንጂ ጅማት አይጠግንም። ማነከሱ ግን አልተመለሰም። ይባስ ብሎ ድንጉላው እየፈጠነ፣ ቆዳው እያብረቀረቀ ሄደ። ይህ ሊያሳስበኝ ሲገባ አኮራኝ። ሌላም ነገር ነበር። ውኃ አበዛ። የሞላ ባልዲ አንድ ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ይጨርሳል፤ ጋጣው ሁልጊዜ እርጥብ ነው። በደጃፋችን የጎረቤት ባዝራ ስታልፍ ድሮ አጥሩን ሊያፈርስ የሚደርሰው ፈረስ፣ አሁን ቀና ብሎ ያያትና መልሶ ገብሱን ይበላል። አባቴ፣ "ጨዋ ሆነ" አሉ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

በጥር ጊዮርጊስ ወንድሜ ጋለበው። ሜዳው ላይ ከነበረው ፈረስ ሁሉ የእኛ ቀደመ። አንዴ ሲዞር የፊት ቀኝ እግሩን አየሁ፤ እግሩ ምንም አላለም። ያ እግር አንድ ነገር ሊል ይገባ ነበር። ሰው ሲያጨበጭብ እኔም አጨበጨብሁ።

ከወረታ የመጡ አንድ ሐጂ ነበሩ፤ እህል ነጋዴ፣ ከእህሉ ይልቅ ግን ፈረስ የሚያጫውታቸው ሰው። አባቴን ጠጋ ብለው እጃቸውን በሁለት እጃቸው ያዙና፣ "መንገዱ ክፍት ከሆነ በዚህ ሳምንት እመጣለሁ" አሏቸው። መጡም። ባዝራቸውን በአይሱዙ ጭነው፣ ከሥሯ ጭድ አንጥፈውላት፣ እንደ ሙሽራ ነው ያመጧት። ከእሳቸው በኋላ ሌሎችም መጡ። በአንድ ወር ውስጥ ስድስት ባዝራዎች ግቢያችን ገቡ።

ቤታችን ለዘር ክፍያ አይቀበልም። ልማዱ ሌላ ነው። ባዝራዋ ከተጠቃች በኋላ ሁለት ዙር ወንድ ሳትፈልግ ካለፈች፣ ባለቤቷ አንድ ድፍን አሞሌ ጨው ይዞ ይመጣል። ጨው በገመድ ታስሮ ጋጣው በር ላይ ይንጠለጠላል፤ ድንጉላው እየላሰ ይጨርሰዋል። ምሥራቹም ምስጋናውም እሱ ነው። አምና ሁለት ጨው ተንጠልጥሎ ነበር። ጨዎቹ አልቀው ገመዶቹ ብቻ ቀርተዋል፤ አባቴም ዘንድሮ ይሞላሉ ብለው አልፈቷቸውም።

በሦስተኛው ሳምንት ሐጂ ተመለሱ። በእጃቸው ጨው የለም። አይሱዙው ላይ ባዝራዋ ቆማለች።

"እንደገና ፈለገች። ምንም አይደል፤ አላህ ሲለው ነው" አሉ፣ አባቴ እንዳያፍሩ ቀደም ብለው።

"ሁለተኛው አይስትም፣ ሐጂ" አሉ አባቴ።

ከዚያ ሌላዋ ተመለሰች። ከዚያ ሌላዋ። ጥዋት ሱቄን ከፍቼ ስቀመጥ ከአስፋልቱ ወደ ቤታችን በሚወርደው መንገድ ሰው ባዝራ እየሳበ ሲመጣ አያለሁ፤ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሰውዬው እጅ ነው። ጨው ይዞ እንደሆነ። አንድም እጅ ጨው አልያዘም። ሰዎቹም ግቢያችን ገብተው የሚሉት አንድ ነው፤ "የእኔዋ ሳትመክን አትቀርም።" "መቼም የሴት ነገር፣ ሆዷን ማን ያውቀዋል?" ስድስት ባዝራ በአንድ ወር እንዴት ይመክናል ብሎ የጠየቀ ወንድ አልነበረም። እኔ በአንድ ጥግ ቆሜ እሰማለሁ። እኔንም አንድ ጊዜ በዚሁ መንገድ መልሰውኛል፤ ያን ጊዜም እንዲህ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ተናደድሁ። ያን ንዴት ይዤ ነው ወደ እውነቱ የሄድሁት፤ እውነቱ እኔው ደጃፍ መሆኑን ሳላውቅ።

ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ አብራኝ የተማረች ጓደኛ አለችኝ፤ ላቦራቶሪ ነው የምትሠራው። "ዘሩን አምጪልኝ፤ ሳይቀዘቅዝ ግን" አለችኝ። በመጋቢት፣ የጎረቤታችን ባዝራ ዳግም ስትመጣ፣ ድንጉላው ሲወርድ የሚንጠባጠበውን ለብ ባለ ብርጭቆ ተቀበልሁ። አባቴ "ኧረ ነውር ነው" ብለው ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዞሩ። ግን አልከለከሉኝም። በትንሽ ጠርሙስ ገልብጬ፣ ከድኜ፣ ብብቴ ሥር ወሸቅሁትና ወንድሜ ባጃጅ ላይ ወጣሁ።

የዓባይ ድልድይ ላይ ስንደርስ በመስተዋቱ አየኝ።

"ክንድሽን ምን ሆንሽ፣ እታለም?"

"ዘር ይዤ ነው። የድንጉላውን። ሊመረመር።"

ወንድሜ ዝም የሚል ልጅ አይደለም። ከዚያ ወዲያ እስክንደርስ ድረስ ግን ቃል አልወጣውም።

ጓደኛዬ ጠብታዋን በመስታወት ላይ አድርጋ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አለች። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ያየሁትን አልወደድሁትም።

"ነይ እይው" አለችኝ።

ጤነኛ ዘር በዚያ መሣሪያ ሲታይ እንደሚፈላ ውኃ ይተራመሳል፤ ተምሬዋለሁ፣ አይቼዋለሁም። አሁን ያየሁት የሚፈላ ነገር አልነበረም። ጥቂቶቹ አንድ ቦታ ላይ ይሽከረከራሉ። የብዙዎቹ ጭራ ተጠምዟል። አንዳንዱ ራስ ብቻ ነው፤ ጭራው ወዲያ ቀርቷል። የቀሩት ዝም ብለው ተኝተዋል።

"ይኼ ፈረስ ምን ወስዷል?" አለችኝ።

"ዴክሳ። እግሩን አሞት። በኅዳር፣ ትንሽ።"

"በኅዳር ትንሽ የወሰደ ፈረስ በመጋቢት እንዲህ አይሆንም። እንግዲህ በእርግጠኝነት አልነግርሽም። ትኩሳትም ይህን ያደርጋል፣ ሌላ ሕመምም ያደርጋል። ስለ ሌሎቹ ማስታገሻዎች ሰው ብዙ ይከራከራል፤ አይጎዱም የሚል አለ፣ ጥቂት ይጎዳሉ የሚል አለ። ዴክሳ ግን ሲበዛና ሲደጋገም የወንድነት ሆርሞኑን ይጥለዋል። ዘር ደግሞ በአንድ ቀን አይሠራም። ተጀምሮ እስኪጨርስ ሁለት ወር ገደማ ይወስዳል። ዛሬ የምታይው የዛሬውን አይደለም፤ የያኔውን ነው።"

"ይድናል?"

"መርፌው ከቆመ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ሁለት ወር፣ ሁለት ወር ተኩል ታገሱት። ከዚያ እንደገና አምጪልኝ። እስከዚያ ማንም ምንም እንዳይወስንበት።"

የመጨረሻዋን ቃሏን ዛሬም እሰማታለሁ።

ስንመለስ ወንድሜ ከድልድዩ ወዲህ ባጃጁን ዳር አቆመ። እጁን ከመሪው ላይ አላነሳም።

"እኔ ነኝ" አለ።

"ምኑን ነህ?"

"ሲያነክስ አየሁት። አባባን ብጠይቃቸው 'ደክሞታል' አሉኝ። ገባኛ! ለበዓሉ ሜዳ ላይ ጥሎኝ ፋራ ሊያደርገኝ ነው ብዬ ከሌላ ሱቅ ገዛሁ። ከዚያ ባዝራዎቹ ሲመጡ ደግሞ እግሩን ሳያመው እንዲወጣባቸው ብዬ ቀጠልኩበት። ከታኅሣሥ ጀምሮ፣ በየሁለት ቀኑ፣ አንዳንዴም በየቀኑ።"

"መውጋት ማን አስተማረህ?"

"አንቺን እያየሁ ነዋ፣ ስንት ዓመት በሬ ይዤልሻለሁ" አለና ማልቀስ ጀመረ።

ባዶ ብልቃጦቹን ጋጣው ግድግዳ ውስጥ ካለ ቀዳዳ ነበር የሚደብቃቸው። ሁለታችን አወጣናቸው። ትንሽ ይሆናሉ ብዬ ነበር፤ ቀሚሴን ዘርግቼ ስቀበል ቀሚሴ ከበደኝ። ድንጉላው ከኋላችን ቆሞ ውኃ ይጠጣል።

"አባባ እንዳይሰሙ፣ እባክሽ" አለኝ ወንድሜ። "በፈረሱ የቀደምኩት በመርፌ ነው ከተባለ አለቀልኝ።"

ዳግም እንዳይወጋው አስምዬው እሺ አልሁት። ለእሱ ብዬ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። አይደለም። ፈራሁ ብልም ውሸት ነው፤ አባቴ መትተውኝ አያውቁም። አፈርሁ። ያን መርፌ መጀመሪያ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ብልቃጡን ያስለመድሁት እኔ ነኝ፤ አባቴ በየሄዱበት "ሐኪሟ ልጄ" የሚሉት እኔን ነው። ሁለት ወር ብቻ ነው፣ ይድናል፣ ማንም ሳያውቅ ያልፋል ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እንዲሉ።

አባቴ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር።

"ምን አሉሽ?"

"ደክሞታል" አልኋቸው። "ለጊዜው ባዝራ አይቅረበው።"

ለስንት ጊዜ እንደሆነ አልነገርኋቸውም። ለምን እንደሆነም አልነገርኋቸውም። ቃሉን እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ፤ በዚያ ቃል ሥር ምን እንደሚደበቅም ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። ቀስ ብለው ወደ ጋጣው ሄደው በሩ ላይ የተንጠለጠሉትን ሁለት ባዶ ገመዶች ፈቱ።

ሐጂ ሦስተኛ ጊዜ የመጡት በሚያዝያ ነው። ያለ ባዝራ መጡ። ሰላምታ ተለዋወጡ፣ ስለ እህል አወሩ፣ ስለ መንገዱ አወሩ፣ ስለ ፈረስ ግን አንድ ቃል ሳይናገሩ ሄዱ። አባቴን እንደዚያ ቀን ሲያረጁ አይቻቸው አላውቅም። ቀያሾቹም በዚያው ሰሞን መጥተው ችካሉን ከአጥራችን ማዶ ተከሉት። እኔ ቀን እቆጥራለሁ። ሚያዝያ አለቀ። በግንቦት ድንጉላው ማነከስ ጀመረ፤ እኔ ግን ደስ አለኝ፣ መድኃኒቱ ከሰውነቱ ወጥቷል ማለት ነውና። ውኃውን ቀነሰ። አንድ ጥዋት የጎረቤት ባዝራ ስታልፍ ተጣርቶ አጥሩን በደረቱ ገፋው። በልቤ፣ "ደርሰናል" አልሁ።

በግንቦት መጨረሻ የእኛዋ አሮጊት ገመዷን በጥሳ ወደ ጋጣው ሄደች። አባቴ ናቸው ያዩት። ማታ እግረ መንገዳቸውን ነገሩኝ፤ "ዛሬ ያች አሮጊት ገመድ በጥሳ ሄደችለት። ወጣባትም። ከደረቀ ዛፍ ጥላ አይገኝ፤ ተውኋቸው።" ያን ጊዜ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። "ትንሽ ይጠብቁ እንጂ፣ አባባ" ብቻ አልሁ። "ምኑን ነው የምጠብቀው?" አሉኝ።

በሰኔ መግቢያ ለክትባት ዘመቻ በጊዜያዊነት ተቀጥሬ ከጣና ማዶ ደልጊ ተላክሁ። በጀልባ ሄድሁ፤ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ከላሞችና ከፍየሎች ጋር ስታገል ውዬ ማታ ወደ ባሕሩ ስቀመጥ፣ ዓይኔ ማዶ የማይታየውን ቤታችንን ይፈልጋል። ነፋሱ ከዚያ በኩል ሲመጣ አንድ ነገር የተፈጸመ ይመስለኛል። በመመለሻዬ ቀን፣ ጀልባው ላይ፣ ወሰንሁ። እንደደረስሁ እነግራቸዋለሁ። ከነብልቃጡ፣ ከነወንድሜ፣ ከነራሴ። የምናገረውን ቃል በቃል አጠናሁት። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኔ ግን ከፈራሁት ነገር ቀድሜ የምደርስ መስሎኝ ነበር።

ግቢው ስገባ ድንጉላው ውጭ ቆሟል። የኋላ እግሮቹን አራርቆ፣ ራሱን ጥሎ። ጭኑ ላይ የደረቀ ደም አለ፤ ዝንቡን ለማባረር ጭራውን እንኳ አያነሳም። አኮላሽተውታል።

"የጋሪ ሰውዬ ጠይቆኝ ነበር" አሉ አባቴ ከጥላው ሥር ሆነው። "ድንጉላ ለጋሪ ያስቸግራል፤ ተኮላሽቶ ከሆነ እወስዳለሁ አለኝ። ዘሩ ከሞተ ምን ላድርገው? ግጦሽ የለ። እንዳታዝኝ ብዬ ነው ሳትኖሪ ያደረግሁት።"

ያጠናሁት ቃል ሁሉ ጠፋኝ። አሁን ብነግራቸው ምን ይረባል አልሁ፤ እውነቱ ቢላዋ ብቻ ይሆንባቸዋል። ስለዚህ ለሁለተኛ ጊዜ ዝም አልሁ፤ ቁስሉን ማጠብ ጀመርሁ። ቁስሉ ሲደርቅ የጋሪው ሰውዬ መጥቶ ወሰደው።

ከፍልሰታ በኋላ፣ በነሐሴ መጨረሻ፣ አባቴ አሮጊቷን ይዘው ጠሩኝ። "ከግንቦት ወዲህ አልፈለገችም። እርጅና ይሁን በሽታ፣ እስቲ እያት።" ረጅሙን ጓንት እስከ ትከሻዬ አጥልቄ እጄን አስገባሁ። እሳቸው ከፊት ሆነው ራሷን ይዘዋል። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ጣቶቼ መጀመሪያ ነኩት፤ ክብ፣ ለስላሳ፣ በውኃ የተሞላ ከረጢት የመሰለ ነገር። አልተጠራጠርሁም። ስንት ጊዜ ነክቼዋለሁ።

"ምን አለ?"

ጣቶቼን ዳግም በከረጢቱ ዙሪያ አሳለፍሁ።

"ምን አለ ነው የምልሽ?"

"ውርንጭላ አለ፣ አባባ። ሦስት ወር ሊሞላው ነው።"

እንደ ሕፃን ሳቁ። "ተመስገን፣ ተመስገን" እያሉ ግንባሯን ሳሙት። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። ጣታቸውን አንድ አንድ ሲያጥፉ አየሁ። ነሐሴ፣ ሐምሌ፣ ሰኔ። በግንቦት ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ሳይታጠፍ ቀረ። ለጊዮርጊስ ከሩቅ ከሚመጡት በቀር በዚህ ዙሪያ ሌላ ድንጉላ የለም።

"ገመድ የበጠሰችለት ቀን ነው" አሉ።

"አዎ።"

"ደክሞታል አላልሽኝም?"

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኋቸው። ጓንቱ ከእጄ እየተንጠባጠበ፣ ባዝራዋ በመካከላችን ቆማ። መርፌውን፣ ወንድሜን፣ ብልቃጦቹን፣ ማይክሮስኮፑን፣ ሁለት ወር ተኩሉን። ስጨርስ ባዝራዋን እየዳበሱ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣

"መርፌውን እኔ ነኝ ያዘዝሁሽ። እሱ በእኔ ይሁን። ዝም ያልሽው ግን ለማን ብለሽ ነው?" አሉኝ።

ጓንቱን አወለቅሁና ለባዝራዋ ውኃ ላመጣ ሄድሁ።

በማግስቱ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ አባቴ ሽቅብ ወደ አስፋልቱ ሲመጡ አየሁ። ወደ እኔ አልመጡም። ከባጃጅ መቆሚያው ፊት ለፊት ጋሪዎች ሲሚንቶ ይጭናሉ፤ የእኛ ዳማ ከመካከላቸው ታስሮ ቆሟል፤ አንገቱ ላይ ነጭ አቧራ አለ። አባቴ ከጋቢያቸው ሥር አንድ ድፍን አሞሌ ጨው አወጡ። ባለ ባዝራው እሳቸው ስለሆኑ ጨውን የሚያመጡትም እሳቸው ናቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው አፉ ሥር አደረጉለት፤ እሱም ጥቂት አሸተተና መላስ ጀመረ። ሰዎች ከበቧቸው። ከባጃጅ ነጂዎቹ አንዱ፣ "እርስዎ፣ ይህን የመሰለ ድንጉላ ምን ሆኖ ነው ለጋሪ የሰጡት?" አላቸው። ወንድሜ ባጃጁ ውስጥ ሆኖ አንገቱን ደፋ።

አባቴ ጨውን ሳያወርዱ ቀና አሉ።

"ታሞ ነበር" አሉ፣ ሁላችንም እንድንሰማ።